ፊቱን ወደ ግድግዳ ያዞረ ሸራ

«አለ እማዬ፤ የት ይሄዳል ብለሽ ነው? ክፍሌ ግድግዳው ላይ ሰቅዬዋለሁ። ዘጠኝ ሰዓት ስትመጪ ታዪዋለሽ። እሺ። እሺ፣ አትልፊ፤ ምንም ይዘሽ እንዳትመጪ።»

ጋሽ ኖራ ይህን የሰማው በጋራ ኩሽናው ውስጥ ለሻይ ውሃ ጥዶ ቆሞ ሲጠብቅ ነው። በስልክ የምታወራው ቢላዋ የሚሏት ሠዓሊ ናት፤ ጀርባዋን ሰጥታው በመስኮቱ በኩል ቆማለች። ስልኩን ዘግታ ዞር ስትል ዓይኖቿ ቀልተዋል። እሱን ስታየው ለማስመሰል እንኳ አልሞከረችም። «ዋሸኋት ጋሼ» አለችው። «የወንድሜ ሥዕል የለም። ከትናንት ወዲያ ጀምሮ ያላገላበጥኩት ሸራ የለም፤ እናቴ ደግሞ እሱን ለማየት ብላ ነው የምትመጣው።» እሱም «ይገኛል፤ ምን ይሆናል» አለ። ሰው የሚለው ሲጠፋው የሚለውን ነው ያለው። ውሃው ፈልቶ ክዳኑን ያንቀጫቅጨው ጀመር፤ እሱ ግን አላወረደውም። ያወረደችው ልጅቷ ናት። በዚህ ሕንፃ ውስጥ ሥዕሉ የት እንዳለ የሚያውቅ ሰው ቢኖር እሱ ብቻ ነበርና።

ሕንፃው ቀድሞ የክር ፋብሪካ ነበር። ማሽኖቹ ከተነሱ በኋላ ተከፋፍሎ ሰባት ክፍል ወጣው፤ ለሰባት ሠዓሊዎች ለስድስት ስድስት ወር ይሰጣል፤ አንድ ትልቅ መስኮት፣ አንድ ጠረጴዛ፣ አንድ ቁልፍ። ኩሽናውና መታጠቢያ ቤቱ የጋራ ነው። ስድስቱ በሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ያለፉ፣ ስለ ሥራቸው ሲጠየቁ ግማሽ ሰዓት ሳያቋርጡ የሚናገሩ ወጣቶች ናቸው። ጋሽ ኖራ ደግሞ አምሳ ስምንት ዓመቱ ነው። ሠላሳ ዓመት የሰው ቤት ግድግዳ ሲቀባና የሱቅ ማስታወቂያ ሲጽፍ ኖሮ፣ ሴት ልጁ ቅጹን ሞልታ ስለላከችለት ገባ። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ስለ ሥራው ሲጠይቁት «እኔ እንኳ ዝም ብዬ ነው የምሥለው» እያለ ላብ በላብ ይሆን ነበር። በኋላ ግን የትኛውም ትምህርት ቤት እንደሱ አድርጎ የማያስተምረው አንድ ሙያ እንዳለው ታወቀ፤ ሸራ ማንጣት። ነጩን መደብ ቀለም አቅጥኖ፣ አንዴ በቁመት አንዴ በወርድ እየቀባ፣ እንደ እንቁላል ቅርፊት ያለሰልሰዋል። ወጣቶቹ «ጋሼ፣ ይቺን ኖራ ይቀቡልኝ» እያሉ ይመጡ ጀመር፤ ስሙም በዚያው ቀረ። አልከፋውም። እንዲያውም ደስ ብሎት ነበር፤ በሰው የመፈለግን ያህል ምን ደስ የሚል ነገር አለ?

የሸራ ዋጋ ደግሞ እሳት ሆኗል። ስለዚህ በቤቱ አንድ ያልተጻፈ ልማድ ነበር። ሥራው የከሸፈበት ሰው ሸራውን ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ኮሪደሩ ላይ ያቆመዋል፤ የፈለገ ይወስደዋል፣ አንጥቶ ይሠራበታል። የማን ነው ብሎ መጠየቅ የለም፤ ምን ነበር ብሎ ማፍጠጥም ነውር ነው። ሰው አፍሮበት የጣለውን አገላብጦ ማየት ምን የሚሉት ጨዋነት ነው? ዓይንህን ሰበር አድርገህ ወስደህ ታነጣዋለህ፤ አለቀ። ጋሽ ኖራም ከአራት ወር በፊት፣ ያ ዝናብ ሳያቋርጥ በወረደበት ሳምንት፣ ከኮሪደሩ አንድ ትልቅ ሸራ ወስዷል። አረንጓዴ ሸሚዝ የለበሰ ሰው ወንበር ላይ የተቀመጠበት ነበር። ፊቱ ላይ ቀለሙ በቢላዋ ተለጥፎ እንደ ጭቃ አብጧል፤ በዚህ ላይ ነጩ አልለሰልስ ስለሚል ያበጠውን በስፓቱላ ጠረገው፣ በጨርቅ ወለወለው፣ ሁለት ጊዜ ነጭ ቀባበት። በዚህ ቤት ብሩሽ ትታ በቀለም ቢላዋ ብቻ የምትሥለው አንዲት ልጅ ብቻ እንደሆነች ያውቃል፤ ቅጽል ስሟም የመጣው ከዚያ ነው። ያን ጊዜ እሷ አልነበረችም፤ ወንድሟ ሞቶባት ወደ እናቷ ሄዳ ነበር። ሁለቱን ነገር አላገናኘም። አላገናኘሁም ይላል ለራሱ፤ ይህን የመሰለ ቀላል ነገር ለምን እንዳልታየው ግን ዛሬ ሻዩን ይዞ በኮሪደሩ ሲሄድ ሊገባው አልቻለም።

ሻዩን ሳይቀምሰው መግቢያው አዳራሽ ደረሰ። የገዛ ሥዕሉ እዚያ፣ ከበሩ ፊት ለፊት ተሰቅሏል። ሚስቱ ከጀርባዋ ስትታይ ነው። የልብስ ማጠቢያ ሳፋ ላይ ጎንበስ ብላለች፤ ብርሃኑ ከመስኮቱ ትከሻዋ ላይ ወርዶ በክርኗ በኩል ውሃው ውስጥ ይገባል። ሦስት ወር ለፍቶበታል። በሠላሳ አንድ ዓመት ትዳር አንድ ቀን ሥሏት አያውቅም፤ በየሱቁ በር ላይ ጫማና ምላጭ ሲሥል ነው የኖረው። «በዚህ ዕድሜህ ተማሪ ልትሆን ነው?» ካለችው ቀን ወዲህ ደግሞ በመካከላቸው የቀረው ወሬ ጨው አለቀ፣ ቁልፉን የት አደረግከው ብቻ ሆኗል። ተጣልተው አይደለም። እንዲያው ዝም ተባባሉ። ይህን ዝምታ በአፉ መስበር ቢያቅተው ነው የሣላት፤ ዛሬ መጥታ ስታየው ሳይነገር የቀረው ሁሉ በአንድ ጊዜ የሚነገር መስሎት። ዛሬ የሰባቱ የስድስት ወር ሥራ ለእንግዳ የሚታይበት ቀን ነው፤ የእሱ ሥዕል በጥሪ ካርዱ ላይ ሳይቀር ታትሟል። ከአንድ ትልቅ ጋለሪ ሦስት እንግዶች ስምንት ተኩል ላይ ይመጣሉ፤ ከሰባቱ አንዱን ለዓመቱ ኤግዚቢሽን ይመርጣሉ፤ የፕሮግራሙ አስተባባሪም በሹክሹክታ «የእርስዎ ነገር ያለቀለት ነው» ብላዋለች። ጋሽ ኖራ በሕይወቱ ለምንም ነገር ተመርጦ አያውቅም።

ዝም አይነቅዝም ይላሉ። ዝም ቢል ማን ያውቃል? ሸራው ለሁልጊዜው እንደጠፋ ይቀራል፤ ልጅቷ ታለቅሳለች፣ እናቲቱ ታለቅሳለች፣ ያለቀሰ ደግሞ ይጽናናል። ደግሞስ ሌላ ሸራ ቢሆን? አረንጓዴ ሸሚዝ የለበሰ ሰው በዓለም ላይ አንድ ብቻ ነው? በዚህች ቀጭን ተስፋ ተንጠልጥሎ ወደ ዘበኛው ሄደ። ዘበኛው ከክፍሉ ደጃፍ ተቀምጦ ለከሰዓቱ እንግዳ ጫማውን ይቦርሻል። «ያ ዝናብ የዘነበ ጊዜ» አለው ጋሽ ኖራ፣ ነገሩን ቀለል ለማድረግ እየሞከረ፣ «ኮሪደሩ ላይ ሸራ ያወጣ ሰው ነበር እንዴ?» ዘበኛው ሳያስብ መለሰ። «እኔ ነኛ! የቢላዋ ክፍል ጣሪያው ሲያፈስ፣ ልጅቷ የለች፣ ሥራዋ በስብሶ ሊቀር ነው ብዬ አንድ በአንድ ተሸክሜ አወጣሁላት። አቧራ እንዳይነካቸው ደግሞ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዞርኳቸው። ስመልስ አንዱ፣ ትልቁ፣ አልነበረም፤ ራሷ ሰው ልካ አስወስዳው ይሆናል ብዬ ተውኩት። ምነው፣ ጠፋ እንዴ?» ሰውየው የሠራው ሥራ ሁሉ ደግ ነበር፤ በጥንቃቄም ነበር የሠራው። ጋሽ ኖራ «የለም፣ እንዲያው ነው» ብሎ ተመለሰ።

የቢላዋ ክፍል በሩ ገርበብ ብሏል። ወለሉ ላይ ሸራ በሸራ ላይ ተነባብሮ፣ ጠረጴዛው ከቦታው ተስቦ፣ እሷ በጉልበቷ ተንበርክካ ከሥሩ አሮጌ ጋዜጣ ታወጣለች። «ፎቶ አንስተሽው የለም?» አላት በሩ ላይ ቆሞ። የሚጀምርበት ነገር ስላጣ ነው። «ያላለቀ ሥራ ፎቶ አላነሳም ጋሼ፤ ልማዴ ነው። የራሱም ቢሆን ደህና ፎቶ የለውም።» ወንድሟ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነበር፤ ሥራ ላይ ሳለ ከምሰሶ ወድቆ ነው የሞተው። ካሜራ ሲያይ ወይ ፊቱን ያዞራል፣ ወይ ዓይኑን ይጨፍናል፤ በሰርግም በምረቃም የተነሳው ሁሉ የጆሮና የማጅራት ፎቶ ነው። የሰው ዓይን ማየት አይሆንለትም፤ እናቱን እንኳ ሲያናግር መሬት መሬቱን ያያል። ለእህቱ ግን ሦስት ቅዳሜ እዚህ ክፍል ወንበር ላይ ተቀመጠላት፤ በሦስተኛው ቅዳሜ ቀና አለ። «ዓይኔን ዓይኔን አየኝ» አለች ቢላዋ፣ ጋዜጣውን እንደያዘች። «ያን ዕለት ፊቱን በአንድ ትንፋሽ ሠራሁት። ከሞተ በኋላ ግን ማየት አቃተኝ። ከሌሎቹ ኋላ አለ እያልኩ አራት ወር ሙሉ ሳልነካው ተቀመጥኩ። እማዬ አንድ ጊዜ ብቻ ልየው ነው የምትለው። እኔን አንድ ቀን ቀና ብሎ ሳያየኝ ሄደ ትላለች።»

«እኔ ጋ ነው ያለው» አለ ጋሽ ኖራ። «ኮሪደሩ ላይ ዞሮ አገኘሁት። አነጣሁት። መግቢያው ላይ ያለው የእኔ ሥዕል እሱ ላይ ነው የተሣለው።»

ቢላዋ አልጮኸችም። ብትሰድበው በወደደ ነበር። ጋዜጣውን ቀስ ብላ መሬት አስቀመጠችና «ፊቱስ?» አለች። «ቀለሙ ወፍራም ነበር። እንዳለ ነው ያነጡት?» ጋሽ ኖራ እዚህ ላይ ትንሽ ሊያሳንሰው ይችል ነበር፤ ሊያድበሰብሰውም ይችል ነበር። «ጠረግኩት» አለ። «በምን?» «በስፓቱላ።» ከኩሽናው በኩል ሳቅ ይሰማል፤ ለከሰዓቱ እንግዶች ብርጭቆ እየታጠበ ነው። እሷ ቀና ብላ ሳታየው «ይሂዱልኝ ጋሼ» አለች፣ በጣም በቀስታ። «እባክዎን አሁን ይሂዱልኝ።» ለሠላሳ ዓመት የሰው ቤት ሲቀባ ከብዙ ቤት ተባሯል፤ ቀለሙ አላማረም ተብሎ፣ ዘገየህ ተብሎ፣ ወለሉን አቆሸሽክ ተብሎ። እንደዚህኛው አንጀቱን የበላው ግን የለም።

ግን ደግሞ ከቀለም ጋር ስለኖረ አንድ ነገር ያውቃል። በዘይት ቀለም ላይ የተቀባ፣ በውሃ የተበጠበጠ ቀለም ላይ ላዩን ይደርቃል እንጂ አይዋሃድም። የእሱ ነጭ በውሃ የተበጠበጠ ነው፤ የሚስቱ ጀርባም፣ ብርሃኑም፣ ሳፋውም እንደዚያው። ከጠርዙ በጥፍር ቢጀምሩት ሊላጥ ይችላል። ከሥሩ ሸሚዙ ይገኛል፣ እጆቹም ይገኛሉ። ፊቱን ግን በገዛ እጁ ጠርጎታል። ምናልባት ከመጀመሪያው ስስ ቀለም የተረፈ ነገር ይኖራል፤ ምናልባት ምንም አይኖርም። የራሱን አጥፍቶ የእሷንም ላያተርፍ ይችላል። ይህን እያሰበ ሄዶ ሥዕሉን ከሚስማሩ አወረደው።

አስተባባሪዋ ከቢሮዋ እየሮጠች መጣች። ክፉ ሰው አይደለችም፤ በዓመት አንድ ቀን የምትታይበት ቀን ዛሬ ስለሆነ ብቻ ነው ፊቷ አመድ የመሰለው። ነገሩን ከነገራት በኋላም እጇን ከክፈፉ ላይ አላነሳችም። «በጣም ያሳዝናል ጋሼ። ግን ኮሪደር የወጣ ሸራ የማንም ነው፤ ልማዱን ያመጡት እርስዎ አይደሉም፣ ያወጡትም እርስዎ አይደሉም። እሷ ደግሞ ጎበዝ ናት፤ ከትዝታዋ ደግማ ትሥለዋለች። ከራስ በላይ ነፋስ ነው፤ እስቲ ለአንድ ቀን እንኳ ለራስዎ ያስቡ!» ጋሽ ኖራ ሁሉንም ሰማ። ከተናገረችው ውስጥ ውሸት አልነበረበትም። «ልክ ነሽ ልጄ» አላትና ሥዕሉን ብብቱ ሥር አድርጎ ወደ ክፍሉ ይዞት ሄደ። አዳራሹ ውስጥ ሚስማሩና የግድግዳው ባዶነት ቀሩ፤ አስተባባሪዋም የሚሸፍነው ነገር ፍለጋ ሄደች።

ክፍሉ ገብቶ ሥዕሉን ግድግዳ አስደግፎ ግን መጀመር አቃተው። ስፓቱላውን ያነሳል፣ ያስቀምጣል። ውሃ በጣሳ ቀዳ፣ ጨርቅ ነከረ፣ ጨርቁን ጨምቆ መልሶ ነከረ። ሚስቱ ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ ስትደርስ እንደዚህ ሆኖ ነው ያገኘችው። የተተኮሰ ሸሚዝ በላስቲክ ይዛለታለች፤ በእንግዳ ፊት ቀለም የነካው ልብስ ለብሶ እንዳያሳፍራት። ይህን ሕንፃ ስትረግጥ የመጀመሪያ ቀኗ ነው። «ዘበኛው ነው ያሳየኝ» አለችና ወንበር ፈልጋ ስትዞር ሥዕሉን አየችው። ቆመች። ሸሚዙን እንደያዘች ብዙ ቆየች፤ ጋሽ ኖራ ጨርቁን ይዞ ይጠብቃል።

«ይሄን ያህል ጎብጫለሁ?» አለች።

«ብርሃኑ ነው» አላት።

«ብርሃኑማ ቀጥ ብሏል። የጎበጥኩት እኔ ነኝ።» ከዚያ ጠጋ ብላ ክርኗን፣ በውሃው ውስጥ ያሉትን ጣቶቿን አየች። ፊቷ ላይ የሆነ ነገር ሊፈታ ሲል አየው፤ ስድስት ወር የጠበቀው ነገር ነው፤ አንድ አምስት ደቂቃ ዝም ቢል ሙሉ በሙሉ ይፈታ ነበር። እሱ ግን አምስት ደቂቃ እንኳ መጠበቅ አልቻለም። አንድ በአንድ ነገራት፤ ዝናቡን፣ ኮሪደሩን፣ ስፓቱላውን፣ የልጅቷን ወንድም፣ ዘጠኝ ሰዓት ላይ የምትመጣውን እናት። ሲጨርስ ወደ እሷ ማየት ፈራ። ሚስቱ ወደ መስኮቱ ሄደች፣ ውጭውን አየች፣ ተመለሰች። በእነሱ ቤት ዝምታ አዲስ ነገር አይደለም፤ ይኼኛው ግን ረዘመበት።

«አሁን ስንት ሰዓት ነው?» አለች።

«ሰባት ሊሆን ነው።»

ሸሚዙን ከነላስቲኩ ወንበሩ ላይ አስቀመጠችና እጅጌዋን ሰበሰበች። «እኔንማ ማታ ቤት ታገኘኛለህ። በምንድን ነው የሚላጠው?»

ጋሽ ኖራ በሕይወቱ ብዙ ነገር ተብሏል፤ እንደዚህ ያለ ፍቅር ግን ሰምቶ አያውቅም። ሊያቅፋት ፈለገ፤ አፈረ። ጨርቁን ሰጣትና ከታች ጥግ ጀመሩ። መጀመሪያ በጥፍሩ አነሳው፤ ከዚያ ስፓቱላውን ከሥሩ አስገብቶ ሲገፋ ነጩ ከነሥዕሉ እንደ ነጭ ሽንኩርት ልጣጭ ስስ ሆኖ ተነሳ። ሳፋው ተላጠ፣ አረፋው ተላጠ፣ ውሃው ውስጥ ያሉት ጣቶች ተላጡ። ከሥር የወንበር እግር ወጣ፤ ከዚያ ሱሪ፤ ከዚያ አረንጓዴው ሸሚዝ፣ ዝናብ እንዳጠበው ቅጠል ደማቅ ሆኖ። ሚስቱ የራሷን ትከሻ በሁለት ጣቷ ይዛ ቀስ ብላ ሳበችው። ሳይበጠስ ወጣላት። ሌላውን ልጣጭ ባልዲ ውስጥ ስትጥል ቆይታ ያንን ግን መስኮቱ ላይ አኖረችው። ጋሽ ኖራ እንዳላየ ሆነ።

ወደ ፊቱ ሲደርሱ በሩ ላይ ቢላዋ ቆማ ነበር። መቼ እንደመጣች አላወቁም። የወንድሟን ሸሚዝ እያየች ነው። ሚስቱ ገና ማን እንደሆነች ሳትጠይቅ ቦታ ለቀቀችላት፤ ልጅቷም ገብታ ተንበርክካ የራሷን ቀጭን የቀለም ቢላዋ ከኪሷ አወጣች። «ይሄን እኔ ነኝ የምሠራው» አለች፤ ጋሽ ኖራም ስፓቱላውን አስቀምጦ ጨርቅ ብቻ እያረጠበ ያቀብላት ጀመር። እዚህ ላይ ነጩ አልላቀቅ አለ። ዘይቱ ተጠርጎ ስለነበር ሸራውን ራሱን ይዞታል፤ ሣንቲም በሚያህል ቦታ ላይ ሩብ ሰዓት ይፈጃል። የሚሰማው የቢላዋው መፋቅና የሦስት ሰው ትንፋሽ ብቻ ነው። ፀጉሩ ወጣ፣ ቀኝ ጆሮው ወጣ፣ አገጩ በግማሽ ወጣ። በመካከል ግን፣ ዓይንና አፍንጫና አፍ በነበረበት ቦታ፣ መጀመሪያ በጨርቅ ያለፈችበት ቡናማ ስስ ቀለም ብቻ ቀርቷል፤ ሁለት ጠቆር ያሉ ጥላዎች፣ ከሥራቸው ደብዛዛ ነገር። ሰው እንደሆነ ያስታውቃል። ማን እንደሆነ አያስታውቅም። ቢላዋ ከዚህ በላይ ብትፍቅ ሸራው እንደሚቀደድ ስታውቅ እጇን አወረደች።

እንግዶቹ በዚሁ መሃል ደረሱ። አስተባባሪዋ ሌሎቹን ክፍሎች ካሳየቻቸው በኋላ፣ ምንም ማድረግ ስላልቻለች፣ እዚህም አመጣቻቸው። መነጽር ያደረጉት ሰውዬ ሸራውን፣ ባልዲው ውስጥ ያለውን ልጣጭ፣ ወለሉ ላይ የተንበረከኩትን ሁለት ሴቶች አይተው ፊታቸው በራ። «ግሩም ነው!» አሉ። «ሥዕልን አፍርሶ ሥዕል! ጥሪው ላይ ካየነውም ይበልጣል። ርዕሱ ምንድን ነው?» «ርዕስ የለውም ጌታዬ። ጥፋት ነው» አለ ጋሽ ኖራ። ሰውየው ማስታወሻቸውን አውጥተው «ጥፋት» ብለው ጻፉ። አስተባባሪዋ ከጀርባቸው ሆና በዓይኗ ተማጸነችው፤ ዝም ቢል ብቻ ይበቃው ነበር። ቢላዋ ቀና ብላ አየችው። «የእኔ ሥራ አይደለም» አለ ጋሽ ኖራ። «የሷ ነው። ያበላሸሁት እኔ ነኝ።» «ሌላ የሚያሳዩት ይኖራል?» ሲሉት ጥግ ላይ ለሰው አንጥቶ የደረደራቸውን አምስት ባዶ ሸራዎች አሳያቸው። እንግዶቹ በትህትና ራሳቸውን ነቅንቀው ወጡ። የጋሽ ኖራ መመረጥ እዚያ ላይ አበቃ፤ ገርሞት፣ እንዳሰበው አልከበደውም።

እናትየው በዘጠኝ ሰዓት መጣች። አጭር ሴት ናት፤ ጥቁር ለብሳ፣ ቦርሳዋን በሁለት እጇ ደረቷ ላይ ይዛለች፤ እንደዚህ ያለ ቤት ገብታ ስለማታውቅ የቱን እንደምትረግጥ ተጨንቃ መሬቱን እያየች ነው የምትሄደው። ቢላዋ ኮሪደሩ ላይ ተቀብላት አንድ ነገር ስትነግራት ከሩቅ ታዩ፤ እናትየው አንዴ ቆመች፣ የልጇን ክንድ ያዘች፣ ከዚያ እንደገና መራመድ ጀመረች። ወደ ክፍሉ ሲገቡ ጋሽ ኖራ ሚስቱ በግድ ያለበሰችውን ንጹሕ ሸሚዝ ለብሶ እንደ ተከሳሽ ቆሟል። «እኔ ነኝ እትዬ» አለ፣ ሰላምታ እንኳ ሳያስቀድም። «የማንም ጥፋት አይደለም። እኔ ነኝ።» ሚስቱ አግዳሚ ወንበር ለእናትየው አቀረበችላት፣ ቦርሳዋን ተቀበለቻት፣ እሷም ከሸራው ፊት ለፊት ተቀመጠች።

ለረጅም ጊዜ አየች። ከሸሚዙ ጀመረች። «ይቺን አዝራር እኔ ነኝ የተከልኩለት» አለች ለማንም ሳይሆን፤ «ቀለሟ ከሌሎቹ አይገጥምም ብዬው ነበር፣ ምን ቸገረኝ አለ።» እጆቹን አየች፤ ሽቦ ያቃጠለውን የአውራ ጣቱን ጠባሳ አገኘችውና ሳትነካው ጣቷን አጠገቡ አድርጋ ቆየች። ጆሮውን አየች። ወደ መካከሉ ስትደርስ ዓይኗ እዚያ ላይ ቆመ፤ ከዚያ ወዲህ ሌላ ነገር አላየችም። ቢላዋ ከኋላዋ ሆና ከንፈሯን ነክሳ ታለቅሳለች። ከኮሪደሩ የእንግዶች ጫማና የብርጭቆ ድምፅ ይሰማል፤ አንድ ሁለት ሰው በሩ ላይ ብቅ ብሎ፣ የክፍሉን ዝምታ አይቶ ተመለሰ።

«እርስዎ» አለች በመጨረሻ፣ ወደ ጋሽ ኖራ ዞራ። ድምፅዋ ውስጥ ቁጣ አልነበረም፤ ቢኖር ይሻለው ነበር። «ከመጥረግዎ በፊት አይተውታል አይደል? ከእህቱ ሌላ ያየው ሰው እርስዎ ብቻ ነዎት። እሷ እያለቀሰች ስትነግረኝ አይገባኝም። እስቲ እርስዎ ይንገሩኝ። እንዴት አድርጎ ነበር የሚያየው?»

ሁሉም ወደ እሱ ዞሩ። አንድ ደግ ቃል ብቻ ይበቃ ነበር። በፈገግታ ነበር ቢላት፣ በእርጋታ ነበር ቢላት፣ ያንን ይዛ ዕድሜ ልኳን ትኖር ነበር፤ ማን ነው የሚያጣራው? ሚስቱ «በላት» እንደማለት አየችው። ቢላዋም አየችው፤ እሷም ጠዋት እናቷን ዋሽታለች፣ የምትፈርድበት አልነበረችም። ጋሽ ኖራ ዓይኑን ጨፍኖ ያንን የዝናብ ሳምንት ፈለገው። አረንጓዴው ሸሚዝ መጣለት። የወንበሩ መደገፊያ መጣለት። ነጩ አልለሰልስ ብሎት መናደዱ መጣለት፤ ስፓቱላው ላይ ተጠራቅሞ የነበረው ቀለም ክብደቱ ሳይቀር እጁ ላይ ተሰማው። ፊቱን ግን አጣው። ደግሞ ፈለገ፤ አጣው። እንባው ሳያስበው ወረደ።

«አላየሁትም እትዬ» አለ። «እጄ ላይ ነበር። አላየሁትም።»

ቢላዋ ፊቷን በሁለት እጇ ሸፈነች። እናትየው ግን ዓይኗን ከእሱ ላይ አላነሳችም። ምን እንደምትል ማንም አላወቀም፤ ትነሳለች ብለው ጠብቀው ነበር፣ ትረግመዋለች ብለው ፈርተው ነበር። እሷ ግን ቀሚሷን ሰብሰብ አድርጋ አግዳሚው ላይ ወደ ዳር ፈቀቅ አለች።

«እንግዲያው ይቀመጡና ይዩት» አለችው።

ጋሽ ኖራ ከጎኗ ተቀመጠ፤ ቀና ብሎም አየ።